ከአሶሳ የተላከው ረጅም ስም

ሰው ስንቱን በስንት ነገር ይጥላል። እኔ አዲስ አበባ ያለ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር በደብዳቤ ርዕስ ጥያለሁ። በቫይረስ አይደለም፣ በተንኮልም አይደለም፤ ወላሂ በርዕስ! «ጉዳዩ፡-» ከሚለው ቀጥሎ የሚጻፈው፣ ከሥሩ የሚሰመርበት፣ ሁላችሁም የምታውቁት። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ስንት ዓመት ብቻዬን ስስቅበት ኖሬያለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ትዝ ሲለኝ አፌን በሻርፔ ይዤ ነው የምወርደው። ዛሬ አብረን እንሳቅና ይውጣልኝ።

በዚያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። የሺ እባላለሁ። አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው፤ እኔ አሶሳ ስገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ንግግሬ የወሎ ሆኖ ቀረ እንጂ ሌላው ነገሬ ሁሉ የአሶሳ ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ማኅተሙ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ። ወንበሮቹ የመጡበት ላስቲክ እንኳን አልተላጠም፤ እንዳይቆሽሹ ብለን ላስቲኩ ላይ ነበር የምንቀመጠው። በሙቀት ቀን አንዱ ከወንበሩ ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ እስከ በሩ ድረስ ያሳፍራል። የምሠራበት ቢሮ የትምህርት ቤቶችን ጉዳይ የሚያይ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስሙን አልጠራም።

ኃላፊያችን አቶ ሐምዳን ይባላሉ። የመንጌ ሰው፣ በርታ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። አማርኛ አራተኛ ቋንቋቸው ነው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ በእሳቸው አነጋገር የሚስቅ ሰው ሳይ ግን ደሜ ይፈላል፤ እዚያው ነው የምነግረው።

አቶ ሐምዳን አንድ የማይነካ ሕግ ነበራቸው፤ የደብዳቤ ጉዳይ ሙሉ ይጻፋል። የት እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ሁሉም። ምክንያት ነበራቸው። ቢሮው በተቋቋመ ሰሞን ከሦስት ቦታ ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ የሦስቱም ጉዳይ «ውሃ ስለመጠየቅ» ብቻ ነበር። ደብዳቤዎቹ ተቀያየሩና የመንጌ ትምህርት ቤት የውሃ ፓምፕ፣ ፓምፕ ኖሮት ቧንቧ ብቻ ለጠየቀ ሌላ ቦታ ሄደ። የመንጌ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ጄሪካን ተሸክመው ተማሩ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ።

እኔ ደግሞ ጣቴን ያመኛል፣ እነጫነጫለሁ። «አቶ ሐምዳን፣ ትንሽ ቢያጥር?»

«የቱ ይቆረጥ?» ይላሉ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርገው። «መንጌ ይቆረጥ? ቶንጎ ይቆረጥ? አንተ ንገረኝ።»

ምን እላለሁ? መንጌን ቁረጡ ልበል? እጽፋለሁ።

ይኼ ሕግ መዝገብ ቤትም ገብቶ ነበር። መዝገብ ቤቱን የያዙት እትዬ ዓለምነሽ ናቸው፤ የቡለን ሰው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሳቅ የሚቀናቸው ሴትዮ። የገቢ ደብዳቤ መዝገባቸው ላይ ዓምዶች አሉ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ከማን እንደመጣ፣ ጉዳዩ፣ ከዚያ ቀጥሎ «ወደ ማን ተመራ»። ተላላኪው ሌላውን አያነብም፤ «ወደ ማን ተመራ» ላይ የተጻፈውን ብቻ አይቶ ደብዳቤውን ይዞ ይሄዳል። የመዝገቡ ዓምድ ግን የተሰመረው የአቶ ሐምዳን ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነው። ጠባብ ነው።

አንድ ቀን «በመንጌ ወረዳ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ለተሠራው ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ስለመጠየቅ» የሚል ደብዳቤ ገባ። እትዬ ዓለምነሽ ጻፉ፣ ጻፉ፣ ዓምዱ አለቀ፤ መስመሩን ተሻግረው ቀጠሉ። «ጤና ጣቢያ» የሚለው ቃል የት ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው? «ወደ ማን ተመራ» ላይ! ተላላኪው ዓይኑን አላሸም፤ ደብዳቤውን ይዞ ጤና ጣቢያ። ከሳምንት በኋላ በማኅተም የተረጋገጠ መልስ መጣልን፦ «ጥቁር ሰሌዳ የለንም፤ ቃሬዛ ግን አለን፤ የሚጠቅማችሁ ከሆነ አሳውቁን።» እትዬ ዓለምነሽ መልሱን ሲያነቡ ወንበሩ ላይ ተጣጥፈው ቀሩ። እንባቸውን እየጠረጉ መዝገቡ ላይ አስገቡት፤ እሱም ተሻገረ።

ይኼን ነገር ያዙልኝ። በኋላ ይመጣል።

አቶ ሐምዳን ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር አስመጡ። በስልክ መስመር ነው የሚሠራው፤ ሲገናኝ ጅብ እንዳየች ዶሮ ይጮሃል፤ ከተገናኘ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ማን ይቀመጥበት ሲባል ዲግሪ ያላቸው ሁሉ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። አቶ ሐምዳን ወደኔ ጠቆሙ። «የሺ ሳያይ ይጽፋል» አሉ። በቃ!

እንግዲህ እወቁልኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ለጥቂት የወደቅሁ ልጅ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሦስት ሰው ነው፤ ለሌላው «ታይፒስቷ» ነኝ። ያቺ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ከቢሮ ቢሮ እየመጡ ከኋላዬ ቆመው ያዩኛል። አንድ ሽማግሌ መምህር ከቶንጎ መጥተው ኢሜይል ሲላክ አይተው «ሄደ? አሁን ሄደ?» እያሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ማታ ቤት ስገባ አባቴ «ዛሬስ ምን ላክሽ?» ይለኛል። እኔና ያቺ ወንበር አንድ ነበርን።

ሰኞ ጠዋት አቶ ሐምዳን አንድ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ክረምቱ መንገዱን ስለበላው የመማሪያ መጻሕፍት አዲስ አበባ ቀርተዋል፤ ይላኩልን የሚል ነው። ጻፍኩ። ከዚያ ለፋይሉ ስም መስጠት አለብኝ። ሌላው ሰው በሁለት ቃል ይሰይማል። እኛ ግን ሕግ አለን፤ የፋይል ስም የደብዳቤው ጉዳይ ነው፣ ሙሉው። ያን ጊዜ ለፋይል ስም የአማርኛ ፊደል አይሠራልንም ነበርና በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ነው፤ አንዱ የኛ ፊደል ሁለት ይሆናል፣ አንዳንዴም ሦስት። እንዲህ ነበር፦

«በመንጌ፣ በቶንጎና በቡለን ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የተመደቡትና በክረምቱ ዝናብ መንገድ በመበላሸቱ ምክንያት ሳይደርሱ የቀሩት የመማሪያ መጻሕፍት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይደርሱ ዘንድ አስፈላጊው የማጓጓዣ ትብብር እንዲደረግልን ስለመጠየቅ»

መጨረሻው ላይ ስደርስ ማሽኑ ከዚህ በላይ አልቀበልም አለኝ። «ስለመጠየቅ» የሚለው ሳይገባ ቀረ። ትንሽ አፈርኩ፤ ጉዳዩ ጎደለ ብዬ። ከኢሜይሉ ጋር አያይዤ ላክሁ። ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ከአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት አንድ ሰውዬ ነው።

«ከማን ጋር ነው የማወራው?»

«ከአሶሳ፣ ታይፒስቷ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ? ምንድን ነው የላክሽብን?»

«ደብዳቤ ነዋ!»

«የምን ደብዳቤ! ቫይረስ ነው እንጂ! መልእክትሽን ስንከፍተው ኢሜይሉ ድርግም! እንደገና አስነስተን ስንከፍት ድርግም! የሦስት ሰው ኮምፒውተር ላይ ሞከርነው፣ ሦስቱም ድርግም! ሠራተኛው ኮምፒውተር መንካት ፈርቷል።»

«እኔ ምንም...»

«ስሚኝ። ማሽኑን ማንም እንዳይነካው። ነገ በአውሮፕላን ባለሙያ ይመጣል፤ ማሽኑን ይዞ ነው የሚመለሰው። አንቺም ወደ ታይፕሽ ተመለሺ። ገና ምኑም ሳይያዝ ኮምፒውተር ምን ያደርግላችኋል ብለን ነበር እኮ!» ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ማሽኑ ሊሄድ ነው። ወንበሬ ሊሄድ ነው። ለአባቴ ምን ብዬ ነው የምነግረው? እያለቀስኩ አቶ ሐምዳን ቢሮ ገባሁና የተባልኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንተ ቫይረስ ላከ?»

«አልላክሁም!»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!»

«ኸላስ» አሉ። አበቃ ማለታቸው ነው። «እንግዲህ ነገሩ ምንድነው? እሱን ፈልግ። ሰውዬው ነገ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ገና ጠዋት ነው። አብሽር።»

አብሽር ስባል ልቤ ምን እንደሚሆን የወሎ ሰው ያውቃል። እንባዬን ጠረግሁ። «ማንም እንዳይነካው» ተብያለሁ፤ ግን የተናገረኝ ሰውዬ አዲስ አበባ ነው፣ ኮምፒውተሩ እዚህ ነው። ነካሁት።

መጀመሪያ ያንኑ ደብዳቤ ወደ ራሳችን አድራሻ ላክሁት። ከአሶሳ ወደ አሶሳ! መጣ። ከፈትኩት። ድርግም!

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስታ! እውነቴን ነው። ሰውዬው አልዋሸም፤ ችግሩ አለ። ያለ ነገር ደግሞ ይገኛል። ኢሜይሉን እንደገና አስነሳሁና ያችን መልእክት ሳልከፍት ሰረዝኳት። ከዚያ ባዶ ወረቀት ወሰድኩ፤ አንድ ፊደል የሌለበት። ያንን ረጅም ስም ሰጥቼ ላክሁት። ድርግም! ባዶ ወረቀት ምን ቫይረስ ይይዛል? ቀጥዬ የደብዳቤውን ጽሑፍ በሙሉ «a» ብዬ ብቻ ሰይሜ ላክሁት። ተከፈተ! ቁጭ ብሎ ተነበበ!

«ስሙ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ስሙ ነው የገደለው!»

ከዚያ እንደ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ከዚህም ከዚያም ትንሽ እቆርጣለሁ፣ እልካለሁ፣ ድርግም። ደግሞ እቆርጣለሁ፣ ድርግም። አዎ አቶ ሐምዳን፣ ቶንጎም ተቆረጠ፣ ቡለንም ተቆረጠ፣ ይቅር በሉኝ። ድንገት ተከፈተ። አንድ ፊደል መለስኩለት፤ ድርግም። አንድ ፊደል ነሳሁት፤ ተከፈተ። አንድ ፊደል! በሕይወትና በሞት መካከል አንድ ፊደል! ምሳም አልበላሁ። ቢሮው በሙሉ ስልክ አጥቶ «ኧረ የሺ፣ መስመሩን ልቀቂልን!» ይላል፣ እኔ አልሰማም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዓለምነሽ መዝገባቸውን ታቅፈው ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ ጾም ገባሽ እንዴ?» ብለው ሁለት የበሰለ ማንጎ አስቀመጡልኝ። መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ወደቀ። ጉዳዩ ዓምዱን ሞልቶ፣ መስመሩን ተሻግሮ፣ «ወደ ማን ተመራ» ውስጥ ገብቶ ተንሰራፍቷል።

«እትዬ ዓለምነሽ!»

«ምን ሆንሽ? አስደነገጥሽኝ!»

«ቃሬዛው!»

«የምን ቃሬዛ?»

«ማሽኑም ዓምድ አለው! ጠባብ ዓምድ! ስሙ ሲረዝምበት ተሻግሮ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ማሽኑ እንደ ተላላኪው የማይሆን ቦታ ይሄዳል!»

እትዬ ዓለምነሽ አንድም አልገባቸውም። ግን ስጨፍር ሲያዩ እሳቸውም እልል አሉ። የሂሳብ ክፍል ሰዎች «ማን ተዳረ?» እያሉ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

ረቡዕ ባለሙያው መጣ። አቶ ዳዊት ይባላል፤ ወጣት ነው፤ በአሶሳ ሙቀት ክራቫት አስሮ፣ ላፕቶፕ አንግቶ፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጨነቀ ሰው ነበር። ገና ሳይቀመጥ ከቦርሳው የታሸገ ደብዳቤ አውጥቶ ለአቶ ሐምዳን ሰጣቸው። ማሽኑ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ፣ ተጠያቂዋ ሠራተኛም ወደ ቀድሞ ሥራዋ እንድትዛወር ይላል።

አቶ ሐምዳን አነበቡት፣ አጣጠፉት። «የኔ ወንድም፣ እዚህ ላይ ተጠያቂ የሚለውን አርም። ረጅም ጻፍ ያልኩ እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የኔ ስም ይግባ፤ የሱ አይግባ» ብለው ወደኔ ጠቆሙ።

ኃላፊ ለታይፒስት እንዲህ ሲል አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

አቶ ዳዊት የቫይረስ መፈለጊያ ዲስኬቶቹን እያስገባ ማሽኑን ፈተሸ። አንዱን ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጨረሰ። «ቫይረስ አይታይም» አለ ቅር ብሎት። «የተደበቀ ይሆናል። ለማንኛውም ወስጄ እዚያ...»

«አቶ ዳዊት» አልኩ። «ቫይረስ የለም። ስሙ ነው የረዘመው።»

ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ታውቋታላችሁ፤ ከላይ ወደ ታች የምትወርደዋን። «እህቴ፣ ኮምፒውተር ስም ረዘመብኝ ብሎ አይሞትም።»

«ያንተም ይሞታል።»

«የኔ? የኔማ ትናንት ነው የተጫነው፤ አዲስ ነው!»

«እንወራረድ» አልኩት። ይኼን ያለው ምላሴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ማሽኑ በሩ ላይ ቆሟል በሉት፤ አንዴ ካልተሳካልኝ እሱም ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። ትናንት የሞከርኩት በኛ ማሽን ላይ ብቻ ነዋ!

ዓይኑ ሥር ባዶ ወረቀት ከፈትኩ። «የተጻፈበት ነገር አለ?» «የለም።» ለስሙ አንዷን ፊደል ተጫንኩና ጣቴን ሳላነሳ ያዝኳት። aaaaa እያለ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ማሽኑ እምቢ እስኪል። በሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ወደ አቶ ዳዊት አድራሻ ላክሁት። ከዚያ የስልኩን ሽቦ ነቅለን ላፕቶፑ ላይ ሰካን። ዶሮዋ ጮኸች። ተገናኘ። መልእክቷ መጣች።

«ክፈታት» አልኩት።

ከፈታት። ድርግም!

አቶ ዳዊት ስክሪኑን አየ። ኢሜይሉን እንደገና አስነሳ። ከፈተ። ድርግም! ሦስተኛ ጊዜ። ድርግም! እትዬ ዓለምነሽ ከኋላ «እሰይ!» አሉና አፋቸውን ያዙ።

ሰውዬው ይቆጣል ብዬ ነበር። ክራቫቱን ፈታ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው፣ ጭንቅላቱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። «ባዶ ወረቀት! በባዶ ወረቀት ገደልሽኝ!» ሳቁ ተጋባብን። አቶ ሐምዳን እንኳን ግድግዳ ተደግፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

አቶ ዳዊት ሳቁ ሲበርድለት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «እንዴት ደረስሽበት?» አለኝ። መዝገቡን አምጥቼ ዘረጋሁለት። የቃሬዛውን ታሪክ ነገርኩት። ጣቱን «ወደ ማን ተመራ» ላይ አድርጎ ቆየ።

«ይኸው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በትክክል ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ለስሙ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ጠባብ ቦታ ይለይለታል። የሚመጣውን ስም ግን ርዝመቱን አይለካም፤ ዝም ብሎ ይገለብጣል። የተረፈው ጎረቤቱ ላይ ይፈስሳል። ጎረቤቱ ላይ ደግሞ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ የተጻፈ ነው። እንዲህ ዓይነት ስሕተት እንዳለ ተምረናል፤ በዓይኔ ግን አላየሁም ነበር።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ታውቂያለሽ፣ ያንቺ ስም ዝም ብሎ ስም ስለሆነ ነው ማሽኑ ተደናብሮ የወደቀው። ተንኮለኛ ሰው ቢሆን ግን የተረፈው ውስጥ ትእዛዝ ይጽፍበታል። ማሽኑም ሳይወድቅ ይታዘዘዋል። ባለቤቱ ምንም አያውቅም።»

«እንደ ተላላኪው» አልኩ። «ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሌባ ቤት የሚል ቢጻፍለት ሌባ ቤት ይወስደው ነበር።»

«ሌባ ቤት!» አለና ደግሞ ሳቀ።

«ይኼኛውስ?» አልኩት፣ የኢንተርኔት ገጾች የምናይበትን፣ ብራውዘሩን እያሳየሁ። «እሱም ዓምድ ይኖረዋላ?»

ተያየን። ልክ እንደ ሁለት ሌባ። አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ረጅም ስም ሞላንበት፤ ምንም አልሆነም፤ ቻለው። አቶ ዳዊት አንድ ገጽ ራሱ ጻፈና በውስጡ መጨረሻ የሌለው ረጅም ስም ከተተበት። ከፈትነው። መስኮቱ በሙሉ ጠፋ! እሱ ጠረጴዛውን መታ፣ እኔ ተነስቼ ዘለልኩ። በዚያን ቀን እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ያልሞከርነው ፕሮግራም የለም። ሁለት ልጆች ማንጎ ዛፍ ላይ ድንጋይ እንደሚወረውሩ ነው፤ የወደቀ ሲገኝ እልል፣ ያልወደቀ ሲገኝ «ይኼኛው ጨዋ ነው!» እንላለን።

አቶ ዳዊት ወደ አዲስ አበባ ደወለ። መልእክቱን ሳይከፍቱ እንዲሰርዙት ነገራቸው። እኔም ደብዳቤውን «1» ብዬ ሰይሜ መልሼ ላክሁት፤ መጻሕፍቱም መንገዱ ሲደርቅ መንጌም፣ ቶንጎም፣ ቡለንም ገቡ። ስለ ማሽኑ መውሰድ ያመጣውን ደብዳቤ አቶ ሐምዳን መልሰው ሲሰጡት ቦርሳው ውስጥ ጨመቀው። «አዲስ ሪፖርት እጽፋለሁ። ፕሮግራሙን ለሠሩትም እናሳውቃቸዋለን» አለ።

«ጉዳዩን ሙሉ ጻፍ» አሉት አቶ ሐምዳን።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያቺ ረቡዕ እኔን ምን አደረገችኝ ብትሉ፣ ፍርሃቴን ወሰደችብኝ። እስከዚያ ቀን ማሽን ከሰማይ የወረደ ይመስለኝ ነበር፤ ሲበላሽ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የማምነው። ለካ እሱንም ሰው ነው የሠራው፤ ለካ እሱም ዓምዱን ያጠበበ የእትዬ ዓለምነሽ ወንድም አለው! አዲስ አበባ ያሉትም ክፉ ሆነው አይደለም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖባቸው ነው። ፕሮግራሙን ከመጠርጠር የአሶሳን ታይፒስት መጠርጠር ይቀላል። እናንተም ዛሬ በስልካችሁ ላይ «ማሻሻያ ተዘጋጅቷል፣ ይጫን?» የሚል ሲመጣባችሁ «ቆይ በኋላ» አትበሉ። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ጠባብ ዓምድ አግኝቶ እያሰፋላችሁ ነው። አንዳንዴ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሥራዬ ይኸው ሆኗል፤ ለፕሮግራሞች የማይችሉትን እየሰጠሁ የቱ ጋ እንደሚያፈስሱ ማየት። እየተከፈለኝ ድርግም አደርጋለሁ! አባቴ ዛሬም «ዛሬስ ምን ጣልሽ?» ይለኛል።

እዚህ የደረስኩት ግን በአንድ ደብዳቤ ነው። አቶ ዳዊት ከሄደ በሳምንቱ አቶ ሐምዳን ጠርተውኝ «ጻፍ» አሉኝ። ለማን እንደሆነ ነገሩኝ፤ አዲስ አበባ ላለ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ። ጉዳዩን ቃል በቃል እየነገሩኝ ጀመርኩ። ስለማን እንደሆነ የገባኝ ስሜ ላይ ስደርስ ነው። የአያቴን የአባት ስም ከአባቴ ጠይቀው አምጥተውታል። አማርኛውን እኔ እያቃናሁ፣ ስክሪኑ በእንባዬ እየተንሳፈፈ፣ ሳላይ ጻፍኩት፦

«ጉዳዩ፡- ወይዘሪት የሺ ይማም እንድሪስ ሰይድ በዚህ ቢሮ በታይፒስትነት ስትሠራ ወደ አዲስ አበባ ቫይረስ ላከች ተብላ ተወንጅላ የነበረች፣ ነገር ግን ስሕተቱ የፕሮግራሙ እንጂ የእሷም ሆነ የክልላችን አለመሆኑን በሰው ሁሉ ፊት ያሳየች በመሆኗ፣ ዕውቀቷ ከማንም የማያንስ ስለሆነ፣ የኮምፒውተር ትምህርት እንድትማር ቦታ ይሰጣት ዘንድ ስለመጠየቅ።»

አራት መስመር ሆነ። አፍንጫዬን ጠረግሁ። «አቶ ሐምዳን» አልኩ፣ «ትንሽ ቢያጥር አይሻልም?»

ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «የቱ ይቆረጥ?»

ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሚቆረጥ አጣሁ።